ይሉኝታ የያዘው ኮምፒዩተር

እኔ እንቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም፤ ከዚህ በታች የምታነቡት መከራ ከየት እንደመጣ ከወዲሁ እንድታውቁት ብዬ ነው። አንድ ጊዜ እዚህ ጅማ ከገበያ ወደ ቤቴ ወደ ጊንጆ ሰፈር ልመለስ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ አብራኝ የተሳፈረችውን ሴት ለማድረስ መንደራ ቆጪ የሚባል ሌላ ሰፈር ድረስ ይዞኝ ሄደ። ወዴት ነው የምትወስደኝ ብሎ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር መስሎ ስለታየኝ ዝም አልኩ። ሴትየዋ ስትወርድ ዞር ብሎ እርስዎም እዚሁ ነዎት አይደል አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበል ታዲያ? ሰውየው እርግጠኛ ነበር። ወርጄ፣ ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ በዝናብ በእግሬ ተመለስኩ።

ባለቤቴ ዘሃራ ይህን ታሪክ ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራለች። እሷ የኔ ተቃራኒ ናት። አጋሮ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ የመጣውን ቡና እያየችና እያሸተተች ይህ ደህና ነው፣ ይህ ሻግቷል፣ ይህ ከሌላ ተቀላቅሏል እያለች ትለያለች። ቡናውን ያመጣው ሰው የአጎቷ ልጅ ቢሆንም የሻገተውን ሻግቷል ነው የምትለው። ሥራዋ ነው አፏን እንዲህ ያደረገው ወይስ አፏ ነው ሥራውን ያስገኘላት፣ እስካሁን አልተገለጠልኝም።

ዘሃራ ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው አንድ ነገር አለ፤ የቡና ቀማሽ መሆን። ቀማሽ ማለት የተፈላውን ቡና በማንኪያ ፉት እያለ ጣዕሙን የሚመዝንና ደረጃ የሚሰጥ ባለሙያ ነው። ለዚህ የሚሆን ሥልጠና አዲስ አበባ ይሰጣል፤ ለመግባት ደግሞ ቃለ መጠይቅ ማለፍ ያስፈልጋል። አመለከተችና ተጠራች። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው ተባለ። በስልክ አይከፈትም፤ ኮምፒዩተር ይሁን፤ ቦታው ጸጥ ያለ ይሁን፤ የቀረ ሰው ሌላ ቀን አይሰጠውም የሚል ማሳሰቢያም አብሮ መጣ። ኢንተርኔት ቤት እንዳትሄድ ደግሞ እዚያ ያለው ጫጫታ እንኳን ለቃለ መጠይቅ ለጸብም አይመችም። የቀረን የቤታችን ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ የዘሃራ ነው፤ የማበላሸቱ ሥራ ግን ከጥንት ጀምሮ የኔ ድርሻ ነው።

"እስከ ሰኞ ድረስ ይህን ኢንተርኔት ደህና አድርግልኝ" አለችኝ። "ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

ደህና አድርግልኝ ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኮምፒዩተሩ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አመል አውጥቶ ነበር። አንድ ቀን ሁሉን ነገር ይከፍታል፤ በማግስቱ የትኛውንም ድረ ገጽ ብትጽፉለት እንዲህ የሚባል አላውቅም ይላል። ትናንት አብረን ያየነውን አላውቅም ይላል እኮ። የበሽታውን ምክንያት እኔ አውቀው ነበር። ለዘሃራ ግን አልነገርኳትም። አሁን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተ ቢያንስ ወንድሟን አታውቁትም።

ጋሽ ሸምሱ የዘሃራ ታላቅ ወንድም ነው። ሄርማታ ገበያ፣ መስጊዱ አጠገብ፣ የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቅ አለው። የሚስት ታላቅ ወንድም እንዴት እንደሚፈራ ለጅማ ሰው አላስረዳም፤ ለሌላው አገር ሰው ግን ልንገር፤ እሱ ቆሞ አትቀመጡም፣ እሱ ሲናገር አታቋርጡም፣ እሱ ያጎረሳችሁን ብትጠግቡም ትውጣላችሁ። ሶዳ ነው በቃ፤ በኦሮምኛ አማች ማለት ነው። ለዒድ ሊጠይቀን መጥቶ ኮምፒዩተሩን አየና ማጣሪያ አለው ወይ አለኝ። የለውም አልኩ። ሴት ልጃችን ፊደል እየቆጠረች ስለሆነ ነገ ከነገ ወዲያ ኮምፒዩተር መንካቷ አይቀርም፤ የማይሆን ነገር እንዳይመጣባት ልጫንላችሁ አለ። እንቢ የሚል ሰው እስቲ ይምጣና ይበል። ጫነልን።

ሁለተኛው ሰው ደሳለኝ ነው። እኔ ጂኦግራፊ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር መምህር ነው፤ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ። ሰውን ሁሉ እርስዎ ይላል፤ ወንበር ሲያደናቅፈው ይቅርታ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ለወሬ ያህል ቤት ያለው ኢንተርኔት ቀርፋፋ ሆነብኝ አልኩት። በቃ፣ ለወሬ ያህል ነው ያልኩት። እሱ ግን ልመና መሰለውና በማግስቱ ፍላሽ ይዞ ቤቴ ከች አለ። አንድ ጊዜ የተጠየቀውን እያስታወሰ ሁለተኛ ጊዜ ቶሎ የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ አለ። የሚስቴ ወንድም ሌላ ነገር ጭኖልኛል ብዬ ብነግረው ቀድመውሃል ማለት መሰለኝ። ሰው ከሥራው በኋላ ላቡን እያንጠፈጠፈ ዳገት ወጥቶ መጥቶ ቀድመውሃል ይባላል እንዴ? እሱም ጫነልኝ።

አሁን ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ እኔም የማላውቅ ነበርኩ፤ ያወቅኩት በመከራ ነው። ኮምፒዩተር ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የአንድ ድረ ገጽ ስም ስትጽፉለት የዚህ ቁጥሩ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀው አንድ መልስ ሰጪ አለ፤ ዲኤንኤስ ይሉታል። ሄርማታ ገብታችሁ የአንድ ነጋዴ ቤት ሲጠፋባችሁ ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ እንደምትጠይቁት ማለት ነው። ባለሱቁ ከሌለ ነጋዴው ቤቱ ተቀምጦ ሳለ እናንተ ታጡታላችሁ። ይህ መልስ ሰጪ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ነው ያለው፤ ጋሽ ሸምሱም ደሳለኝም ያደረጉት ግን እዚሁ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የራሳቸውን መልስ ሰጪ ማስቀመጥ ነው። የጋሽ ሸምሱ የመጥፎ ድረ ገጽ ቁጥር ሲጠየቅ አላውቅም ይላል። የደሳለኝ ደግሞ የሰማውን አይረሳም።

ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ናቸው። ችግሩ ለዚህ ጥያቄ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተመደበው በር አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ቁጥሩም የታወቀ ነው፤ ሃምሳ ሦስት። አንዱ ከተቀመጠበት ሌላው መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱ ይሽቀዳደማሉ። ቀድሞ የደረሰው በሩን ይይዛል፤ የዘገየው በሩ ተይዟል ብሎ በቀይ ጽሑፍ ያማርራል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሲጋፉ ሁለቱም ይወድቃሉ መሰለኝ ማንም አይመልስም።

አእምሮ ያለው ሰው ቢሆን አንዱን አጥፍቶ ይገላገላል። እኔ የትኛውን ላጥፋ? የጋሽ ሸምሱን ባጠፋ ነገ መጥቶ ማጣሪያው እንዴት ነው ይለኛል፤ የእህቱ ልጅ ነገር ነው፤ ምን እመልሳለሁ? የደሳለኝን ባጠፋ ደግሞ ያ ምስኪን አንገቱን ደፍቶ ምን አጥፍቼ ነው ይላል። ስለዚህ ያደረግኩትን ስሙ። ዓርብ ዓርብ ጋሽ ሸምሱ ከጁምዓ በኋላ ብቅ ስለሚል ከሰላት በፊት የደሳለኝን አስተኛለሁ። ደሳለኝ ሊመጣ ሲሆን የጋሽ ሸምሱን አስተኛለሁ። ሁለት ሚስት ያገባ ሰው እንኳን ይህን ያህል አይሳቀቅም። የራሴን ትምህርት ዝግጅት ትቼ የሁለት ፕሮግራም ሞግዚት ሆኜ ከረምኩ።

ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበረው ቅዳሜ ዘሃራ አጋሮ ሄዳ ሳለ ኮምፒዩተሩን ብከፍተው ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሞቷል። ጋሽ ሸምሱን መጥራት ፈራሁና ደሳለኝ ጋ ደወልኩ። እየሮጠ መጣ። ቁጭ ብሎ ትንሽ እንደነካካ በሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ ይህ ማነው አለኝ። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም የጫነው ነው አልኩት። ደሳለኝ እጁን ከኮምፒዩተሩ ላይ ትኩስ ብረት ምጣድ የነካ ያህል አነሳ።

"የባለቤትዎ ወንድም? እኔ እሳቸው በጫኑት ላይ ነው እንዴ የጫንኩት?" አለ። "ምነው ወንድሜ፣ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?"

ወዲያው የራሱን ፕሮግራም ከሃምሳ ሦስት አስነስቶ ሌላ ቁጥር ያለው ጓሮ በር ላይ አስቀመጠው። ይህ ብቻ አልበቃውም። የእሱ ፕሮግራም የሆነ ነገር ቢጠየቅ ራሱ ከመመለሱ በፊት የጋሽ ሸምሱን እንዲጠይቅ አደረገ። እሳቸው ይቅደሙ አለ። እናንተዬ፣ ይሠራል! ሁሉ ነገር ተከፈተ። ደሳለኝን እስከ መንገዱ ሸኘሁት። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሱ እህቱን ለሰኞው መልካም ዕድል ሊመኝላት አንድ ማሰሮ ማር ይዞ መጣ። ዘሃራ ገና ከአጋሮ አልተመለሰችም። ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። አንድ ሰው ለዚህ ሰው ይህን ያህል ክብር ሰጥቶ እኔ ደብቄ ዝም ብል ደግ ነው? የሰውን ደግነት ውጦ መቅረት ነውር አይደለም? ነገርኩት። ደሳለኝ የሚባል ባልደረባ እንዳለኝ፣ እሱም እንደጫነልኝ፣ ያንተ መሆኑን ሲሰማ ግን ራሱ ተነስቶ በሩን እንደለቀቀ አንድ በአንድ አስረዳሁት። አንተ አልኩ እንዴ? እርስዎ እያልኩ ነው ያስረዳሁት፤ እንዳይሰማኝ።

ጋሽ ሸምሱ ማሻአላህ አለ። ደጋግሞ አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ዛሬ የት ይገኛል አለ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ ራሱ ሳበው።

"እኔ ከሩቅ የመጣ ሰው አስነስቼ በር ላይ አልቀመጥም" አለኝ። "የኔ መጀመሪያ የእሱን ይጠይቅ። እሱ ካለው በኋላ ነው የኔ የሚናገረው።"

እኔ ምን አውቄ? ምን ያለ ጨዋ ቤተሰብ ነው ያገባሁት ብዬ ልቤ ሞቀ። ነገሩ የገባኝ እሑድ ጠዋት ነው። የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ ጀርባው ይፋጃል፤ አንድም ገጽ አይከፈትም። አስቡት እስቲ። እኔ አንድ ስም እጽፋለሁ። የጋሽ ሸምሱ ፕሮግራም ይቀበልና ኧረ መጀመሪያ መምህሩ ይናገር ብሎ ለደሳለኝ ይሰጣል። የደሳለኝ ይቀበልና ኧረ እሳቸው እያሉ እኔ ምን ቆርጦኝ ብሎ ለጋሽ ሸምሱ ይመልሳል። እሱም መልሶ ይሰጣል። በሰርግ ቤት በር ላይ ቆመው ይግቡ፣ የለም እርስዎ ይግቡ የሚባባሉ ሁለት ሽማግሌዎች በስተመጨረሻ አንዱ ይደክመውና ይገባል። ኮምፒዩተር ግን አይደክመውም። የኔ ሚስት ቃለ መጠይቅ ነገ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ውስጥ ውስጡን ይገባበዛሉ።

ሁለቱንም ጠራኋቸው። ሁለቱም መጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መገናኘታቸው ነበር። ሰላምታው ብቻ የምሳ ሰዓት ሊያሳልፍብን ምንም አልቀረውም። አካም ጂርታ፣ ነጋ ጂራ፣ ቤተሰብ፣ ጤና፣ የጎጃም ዝናብ፣ የጅማ ዝናብ። ዘሃራ ሳምቡሳ አቀረበችልንና ምን እየሆነ ነው ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔም ምንም አይደለም፣ እያስተካከሉልሽ ነው አልኳት። ውሸቴን አይደለም፤ እያስተካከሉ ነበር።

ኮምፒዩተሩን ከፍተው የሚሽከረከረውን ነገር አዩ። ደሳለኝ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ጋሽ ሸምሱ ወላሂ የኔ ነው አለ። የማን ጥፋት እንደሆነ ለመወሰንም ተገባበዙ። ከዚያ የከሰዓቱ፣ የዐስር ሰላት ደረሰና ጋሽ ሸምሱ ለስግደቱ ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ፣ ወደ ጓሮ ወጣ። እሱ ከበሩ እንደወጣ ደሳለኝ ወደ ኮምፒዩተሩ ተጠጋ፤ ቶሎ ቶሎ ነካካና የራሱን ፕሮግራም ከሥሩ ነቅሎ ጣለው። ወደ ጆሮዬ ተጠግቶም እሳቸው ሰምተው ቅር እንዳይላቸው፣ አደራ፣ እንዳይነግሯቸው አለኝ። እሺ አልኩ። ጋሽ ሸምሱ ሰግዶ ሲመለስ ደግሞ ደሳለኝ ስልክ ተደውሎለት ወደ ውጭ ወጣ። ጋሽ ሸምሱ ግራ ቀኙን አየና ቁጭ ብሎ የራሱን ማጣሪያ አጠፋው። አደራህን፣ መምህሩ ገፋሁት ብሎ እንዳያዝን፣ አትንገረው አለኝ። እሺ አልኩ። ሁለቱን አደራ አንድ ሆድ ውስጥ ይዤ መሃል ላይ ቀረሁ።

ትላላችሁ፣ ያኔ አልገባህም ወይ? አልገባኝም። እንዲያውም ሁለቱም ከሄዱ ጸቡም ሄደ ብዬ እፎይ ነው ያልኩት። ከፍተን ልንሞክር ስንል መብራት ሄደ። መብራት ከሄደ ኢንተርኔቱ የለም፤ የኮምፒዩተሩ ባትሪም ካረጀ ቆይቷል። ኢንሻአላህ ደህና ነው አለ ጋሽ ሸምሱ። ደህና ነው እንጂ አለ ደሳለኝ። እያንዳንዳቸው የሌላኛው ፕሮግራም እዚያው አለ ብለው ስለሚያስቡ ልባቸው ሙሉ ነበር። ተቃቅፈው ተለያዩ።

ሰኞ ጠዋት መብራት መጣ። ዘሃራ ዓይኗን ተኩላ፣ ለሰርግ የምታደርገውን ሻሽ አስራ፣ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። ልጅቷን ጎረቤት አድርሻለሁ። የተላከላትን አድራሻ ጫን ስትለው ነጭ ገጽ መጣ። ይህን ስም አላውቅም አለ። ሌላ ሞከረች፤ አላውቅም። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ድረ ገጽ ጻፈች፤ አላውቅም።

ዘሃራ አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ማን ነካው አለችኝ። እኔም ከዒድ ጀምሮ እስከ ትናንቱ ሰላት ድረስ ሁለቱን አደራ ጨምሬ ዘረገፍኩላት። ይህች ሴት አንድ ነገር ነው የተመኘችው፤ አንድ ነገር ነው የጠየቀችኝ። ሰው እንዳይከፋ እያልኩ ስዞር የከፋችው እሷ ሆነች። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ሰዓቱን አየችና ስልኳን አነሳች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። መጀመሪያ የደወለችው ለወንድሟ ነው።

"ሸምሱ፣ ያንተን ማጣሪያ አልፈልገውም። ኮምፒዩተሬን ዘግቶብኛል" አለችው።

እኔ ግድግዳውን ያዝኩ። ከዚያ ጋሽ ሸምሱ ሳቀ።

"ወላሂ ዘሃራ፣ እኔም ልጭነው አላሰብኩም ነበር። ባልሽ የለንም ሲል ፊቱ እንደሚለምን ሰው ሆነብኝና ነው። ትናንት አጥፍቼዋለሁ።"

"አጥፍተህ ለምን አልነገርከኝም?"

"መምህሩ ቅር እንዳይለው ብዬ ነዋ።"

ዘሃራ ዘጋችው። ለደሳለኝ ደወለች። እሱም የጫነው እኔ ያዘንኩ መስሎት እንደሆነ፣ እንዲያውም ለሌላ ሰው ያዘጋጀው ፕሮግራም እንደነበረ፣ ትናንት ግን ለጋሽ ሸምሱ ክብር ሲል እንዳጠፋው ነገራት። ሸምሱም አጥፍቷል አለችው።

"ታዲያ በሩ ላይ ማንም የለማ" አለ። "ኮምፒዩተሩ አሁንም ራሱን ነው እየጠየቀ ያለው። ሁለታችንም ስንወጣ ከእንግዲህ ውጭ ጠይቅ ብለን አልነገርነውም።"

ዘሃራ የት ጋ ልንካ አለችው። እሱም ይቅርታ እየጠየቀ አንድ በአንድ መራት፤ ይህን ይክፈቱ፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለውን ቁጥር ያጥፉ፣ በራሱ ያግኝ የሚለውን ይምረጡ። መረጠች። አድራሻውን ጫን አደረገችው። ገጹ ተከፈተ፤ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። እኔ ከዒድ ጀምሮ በሁለት ሰው ክብር ስታመስ የከረምኩበት ነገር አንድ አልፈልገውም በሚል ቃል አለቀ። ማንም አልሞተም። ማንም አልተቀየመም። ይህ ነው ከሁሉ በላይ ያበገነኝ።

ከክፍሉ አስወጣችኝ። እኔም በረንዳ ላይ ሆኜ ቆሎ የሚሸጡትን፣ ሰላም ሊሉ የሚመጡትን በእጄ ጸጥ እያሰኘሁ ቆየሁ። በመስኮቱ የሚሉት ይሰማኛል። አንዱ ጠያቂ ሁለት ቀማሾች በአንድ ሲኒ ባይስማሙ ምን ታደርጊያለሽ አላት። ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።

"መጀመሪያውኑ ሳይተያዩ እንዲቀምሱ፣ ሳይነጋገሩም እንዲጽፉ አደርጋለሁ" አለች። "የሰው ፊት እያየ የሚቀምስ ሰው ቡናውን አይቀምስም። እኔ ቤት አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ጥሩ ሰው ነው፤ ቀማሽ ግን አይሆንም።"

ጠያቂዎቹ ሳቁ። እኔም በረንዳ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ መልሼ ሳቅኩ። ጉዴን በአገር ፊት መናገሯ ቢያበሽቀኝም ጥሩ ሰው ነው ማለቷን ግን ሰምቻለሁ።

ጥቂት ሰንብቶ አልፈሻል ብለው ደወሉላት። ከአጋሮ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው የሰማችው፤ ተሳፋሪው ሁሉ እልል አለላት። ቤት ስትገባ ግን ፊቷ ላይ የደስታ ብቻ ያልሆነ ነገር ነበር። ሥልጠናው ብዙ ወር ነው፤ አዲስ አበባ መኖር አለባት፤ ልጅቷም እኔም እዚህ እንቀራለን። ከፊቴ ተቀመጠችና ልሂድ ወይ አለችኝ።

አፌ ለምዶበት ምን ችግር አለው፣ እኛ ምን እንሆናለን የሚለውን ጀምሮ ነበር። ዘሃራ ዓይኔን ታያለች። የሻገተውን ከደህናው የምትለይበት አስተያየት ነው። የጀመርኩትን አቋረጥኩት።

"አይመቸኝም" አልኳት። "የልጅቷን ፀጉር መጎንጎን አላውቅም። ወጥ አልችልም። ቤቱ ይቀዘቅዝብኛል። ገና ሳትሄጂ ነው የናፈቅሽኝ።"

"እና?" አለችኝ።

"እና ሂጂ።"

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ፈገግ አለች። ምን ችግር አለው ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ መንገዱን ሁሉ እውነቱን ነው ወይስ ለኔ ሲል ነው እያልኩ ነበር የምሄደው አለችኝ። ከዚያ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ሻንጣ እንዳወርድላት ጠየቀችኝ። አወረድኩላት።